ኢነርጂ ሁለት ጊዜ ይመጣል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል፤ መማር የምፈልገውም እሱን ነው። ግን ግራ ገብቶኛል። አንዱ አካባቢ ሳይንስ ግቢ ይለኛል። ሌላው ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። የአንዳንድ ፕሮግራሞችን የኮርስ ዝርዝር ሳይ ደግሞ ግማሹ ስለ ኢነርጂ ነው። እኔ ስለ አየር ንብረት ልማር እንጂ ስለ ጄኔሬተር ምን አገባኝ? በሒሳብ መካከለኛ ነኝ። እባክዎ ይምከሩኝ።»

«ስለ ጄኔሬተር ምን አገባኝ?» ያልሽው የጥያቄሽ ልብ እሱ ነው። የዲፓርትመንት ምርጫውን ትንሽ ላቆየውና ከዚህ ልጀምር። ብዙ ተማሪ ይህንን በውስጡ ያስባል፣ ግን ደፍሮ አይጠይቅም። መልሱ የሚገባው ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ኮርስ የመምረጫው ጊዜ አልፏል።

በአየር ንብረት ለውጥ ታሪክ ውስጥ ኢነርጂ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውና ወደ ህዋ የምትመልሰው ነው። ሁለተኛው እኛ ሰዎች ለመሥራት፣ ለመጓዝ፣ ለማብሰልና ለመሞቅ የምንጠቀምበት ነው። የመጀመሪያው የሚለካው በዋት በካሬ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው በኪሎዋት ሰዓት። ሁለቱንም ዓይነት ኮርሶች ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ተማሪ ጎበዝም ቢሆን ጎደሎ ሆኖ ይወጣል። ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።

መጀመሪያ የምድርን ሒሳብ እንይ። ከከባቢ አየር ውጭ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1361 ዋት ገደማ ያርፋል። ምድር ግን ክብ ናት፤ ግማሿም ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ለመላ ገጽታዋ ስታካፍዪው በአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ይሆናል፣ 340 ዋት ገደማ። ከዚህ ላይ 30 በመቶ ያህሉን ደመናው፣ በረዶውና በረሃው መልሰው ያንጸባርቁታል። 240 ዋት ቀረ ማለት ነው። የምድር ሙቀት ጸንቶ እንዲቆይ ያንኑ 240 ዋት ወደ ህዋ መመለስ አለባት። አሁን ፊዚክስ መጽሐፍሽ ላይ ያለውን የጨረር ቀመር ያዢና 240 ዋት የሚለቅ አካል ስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት አስዪ። የምታገኚው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የምድር ገጽ ትክክለኛ አማካይ ሙቀት ግን 15 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ይህ የ33 ዲግሪ ልዩነት ከየት መጣ? ይህንን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ። በኮርሱ ውስጥ በጣም የምወደው ደቂቃ ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የተጨነቀበት ነገር ይኸው ነው። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ከተራው አየር ይበልጥ ሞቀ፤ ለመቀዝቀዝም ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆን ቲንዳል ጋዞች የሙቀት ጨረርን እንዴት እንደሚውጡ በላብራቶሪ ለካ። የ33ቱ ዲግሪ ልዩነት የሚመጣው ከእነዚህ ሙቀት ከሚይዙ ጋዞች ነው። ስዊድናዊው ስቫንት አሬኒየስ ደግሞ በ1896 የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። እንግዲህ ነገሩ የትናንት ወሬ አይደለም። ኮምፒውተር ሳይኖር የተጀመረ ሳይንስ ነው።

ዛሬ በተሻለ ልኬት እንደምናውቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ መሆን በካሬ ሜትር ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ጭማሪ ያመጣል። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «ከ240 ላይ 4 ምን አላት?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዲት ትንሽ አምፖል አስቢ። አሁን ያችን አምፖል በየካሬ ሜትሩ አስቀምጪ። በውቅያኖሱ፣ በበረሃው፣ በበረዶው፣ በጫካው ላይ። ቀንም ሌሊትም አትጠፋም። ምድር ሞቃ ሞቃ ተጨማሪውን ሙቀት መልሳ መልቀቅ እስክትችል ድረስ ትበራለች። ሙቀቱ በመጨረሻ የት ይደርሳል ለሚለው የዛሬው የተሻለ ግምት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። እስካሁን ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውቅያኖስ ውስጥ ገብቷል። አየሩ ላይ የምናየው ጥቂቱን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጄኔሬተር እንምጣ። ሰዎች ከሚለቁት ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው ከኢነርጂ ነው፤ ማለትም ነዳጅ ከማውጣት፣ ከማጓጓዝና ከማቃጠል። የቀረው በአብዛኛው ከእርሻና ከደን ምንጣሮ፣ ከአንዳንድ ፋብሪካዎችና ከቆሻሻ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ለጥያቄሽ በቂ መልስ ነው። ኢነርጂን ሳይነኩ የአየር ንብረት ለውጥን መማር ስለ ወባ እየተማሩ ትንኟን እንደ መዝለል ነው።

ግን ቁጥሩን ብቻ ሰምተሽ እንድትሄጂ አልፈልግም። አንድ ሊትር ቤንዚን አስቢ። ክብደቱ ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ነው። ሲቃጠል ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ «ግማሽ ኪሎ»፣ «ሁለት መቶ ግራም» ይሉኛል። መልሱ 2.3 ኪሎ ነው። ማንም አያምንም። «እንዴት ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ ይወጣዋል? ስህተት አለው» ይላሉ። አብረን እንሠራዋለን። ከቤንዚኑ ክብደት አብዛኛው ካርቦን ነው፣ 640 ግራም ገደማ። አንድ የካርቦን አቶም ክብደቱ 12 ነው። ሲቃጠል ሁለት ኦክስጅን ከአየር ወስዶ 44 ይሆናል። 640ን በ44 አባዢና ለ12 አካፍዪ። ይኸው 2.3 ኪሎ መጣ። ክብደቱን የጨመረው ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተማሪዎቼ የመኪና ጭስ ሲያዩ እንደ ድሮው አያዩትም። ይህ ስሌት ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ያለ ነው፤ አዲስ ነገር አልጨመርንበትም።

ያ ጋዝ የት ይሄዳል? ግማሽ ያህሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል። የቀረው አየር ላይ ይከማቻል። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 አካባቢ ነበር። አሁን 420 አልፏል። ጭማሪው የእኛ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በግምት አይደለም። በምድር ሆድ ውስጥ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ ነዳጅ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት የለውም። አየር ላይ ያለው ካርቦን 14 እየሳሳ እንደነበር ሃንስ ዙስ የተባለ ኬሚስት በ1950ዎቹ አሳይቷል። የጣት አሻራ በይው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ፤ ምሩቃን ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ዕዳ ነው። በየዓመቱ የምትበደሪውን ብትቀንሺ ዕዳሽ አይቀንስም፤ የሚያድግበት ፍጥነት ነው የሚቀንሰው። ሙቀቱ የሚከተለው ዘንድሮ የለቀቅነውን ሳይሆን እስካሁን የለቀቅነውን ድምር ነው። በየ1000 ቢሊዮን ቶኑ 0.45 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ዓለም በዓመት የምትለቀው 40 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ መጨመር የሚያቆመው ልቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። ሚቴን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ነው፤ በሚቆይበት ጊዜ ግን በጣም ያሞቃል። ልቀቱ ከቀነሰ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ሁለቱን ጋዞች በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚደረገው ክርክር ራሱን የቻለ ኮርስ ነው።

አንዱን ብቻ መማር ምን ያጎድላል? የአካባቢ ሳይንስ ብቻ ያጠና ተማሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጽፍልኛል፦ «100 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ብንተክል 100 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ማመንጫ እንዘጋለን።» ሐሳቡ ቀና ነው፤ ሒሳቡ ግን ውሃ አያነሳም። ፀሐይ ሌሊት የለችም፣ ደመናም አለ። ጥሩ ቦታ ላይ የተተከለ የፀሐይ ማመንጫ ባመቱ የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ 20 በመቶ ያህል ነው። 100 ሜጋዋቱ በአማካይ 20 ሜጋዋት ሆነ። ያ ማለት ፀሐይ አትረባም ማለት አይደለም፤ ብዙ መትከል፣ ባትሪ መጨመር፣ ከንፋስና ከውሃ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ አንድ ኢንጂነር በአንድ ጥያቄ ዝም ያሰኘዋል። ትክክለኛ ዓላማ ይዞ መሸነፍ ያሳዝናል።

በተቃራኒው ኢንጂነሪንግ ብቻ ያጠናው ግድብ ሲነድፍ ያለፉትን አርባና ሃምሳ ዓመታት ዝናብ ወስዶ መጪውም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ይጀምራል። መጪው ግን እንደ ድሮው አይሆንም። በ2024 ድርቅ የካሪባ ሐይቅን ውሃ ዝቅ አድርጎት ዛምቢያና ዚምባብዌ በቀን ለረጅም ሰዓታት መብራት አጥተዋል። ፈረንሳይ በ2003 እና በ2022 በኃይለኛ ሙቀት ወቅት የአንዳንድ ኒውክሌር ማመንጫዎቿን ምርት ቀንሳለች፤ ማቀዝቀዣ የሚሆናት የወንዝ ውሃ ሞቆባት ነበር። ኢነርጂ የአየር ንብረትን ይለውጣል፤ የተለወጠው አየር ንብረት ተመልሶ ኢነርጂውን ይመታል።

አሁን ወደ ዲፓርትመንት። የእኔን አቋም ሳልሸሽግ ልንገርሽ። በመጀመሪያ ዲግሪ ጠንካራ መሠረት የሚሰጥ አንድ ሙያ ያዢ፤ የአየር ንብረት ለውጥን የሙያሽ ጥያቄ አድርጊው። ከሁሉም ቀንጨብ ቀንጨብ አድርጎ የሚያስተምር፣ ስሙ ግን የሚያምር ፕሮግራም ያሳስበኛል። ስሙን አትመልከቺ። የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቺና ካልኩለስ አለ? ስታቲስቲክስ አለ? ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኢነርጂ ሳይንስ) ወይም የከባቢ አየር ፊዚክስ አለ? ፕሮግራሚንግ አለ? ላብራቶሪ ወይም የመስክ ሥራ አለ? ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ካሉት አካባቢ ሳይንስ ተባለ ሜቴዎሮሎጂ ግድ የለም፣ ግቢ። ከሌሉት ግን ቆም በይ።

ምርጫው ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ነው። ሁሉም «ታዳሽ ኃይል» ሲባል ኤሌክትሪክ ብቻ ይመጣበታል። ዓለም ከምትጠቀምበት ኢነርጂ ውስጥ ግን በኤሌክትሪክ መልክ ተጠቃሚው ጋ የሚደርሰው አምስተኛው ያህል ነው። የቀረው በአብዛኛው በቀጥታ የሚቃጠል ነው፤ ለመኪና፣ ለመርከብ፣ ለፋብሪካ እሳት፣ ቤት ለማሞቅ። ሲሚንቶን ውሰጂ። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል። ድንጋዩ ራሱ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እሳቱን በፀሐይ ኃይል ብትተኪው እንኳ ድንጋዩ መልቀቁን አያቆምም፤ ከፋብሪካው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ይህንን የሚፈታው ኬሚካል ኢንጂነር ነው። ኬሚስትሪ የምትወጂ ከሆነ እዚህ ጋ ሰው በጣም ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች ግን እምብዛም አይሄዱበትም።

ኢኮኖሚክስም እንዳይረሳ። የፀሐይ ፓነል ዋጋ ከ2010 ወዲህ ባሉት አሥር ዓመታት በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ታዲያ ፀሐይ በሞላበት ሁሉ ለምን አልተተከለም? አንዱ ትልቅ ምክንያት ወለድ ነው። የጋዝ ማመንጫ ነዳጁን በየወሩ እየገዛሽ ትሄጃለሽ። የፀሐይ ማመንጫ ግን የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ወጪውን ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው ቀን ትከፍያለሽ። ስለዚህ ብድር ውድ በሆነበት አገር ያው ፓነል፣ ያው ፀሐይ፣ እጅግ ውድ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ይህንን የሚረዳ የባንክ ሠራተኛ ከብዙ ሰልፈኛ በላይ ሊሠራ ይችላል።

ቴርሞዳይናሚክስን ያነሳሁት አስተማሪው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኢነርጂ ጎማ ላይ የሚያደርሰው ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይበናል። የኤሌክትሪክ ሞተር 90 በመቶ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ቤት የሚያሞቅ ሄት ፓምፕ ደግሞ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱን አይፈጥርም፣ ከውጭ አየር ሰብስቦ ያስገባዋል። «ዓለም 80 በመቶ ኢነርጂዋን ከከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ታገኛለች፣ ይህን ሁሉ መተካት አይቻልም» የሚል ክርክር ትሰሚያለሽ። ቁጥሩ ልክ ነው። የሚረሳው ግን ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙው ማንንም ሳይጠቅም የሚባክን ሙቀት መሆኑ ነው። የሚባክነውን መተካት አይጠበቅብንም።

ስለ ሒሳብ «መካከለኛ ነኝ» ብለሻል። መካከለኛ ይበቃል። የዓለም አየር ንብረት ሞዴል ከሥሩ እሠራለሁ ካላልሽ በቀር የሚያስፈልግሽ ሎጋሪዝም፣ የለውጥ ፍጥነት፣ ፕሮባቢሊቲና የመለኪያ አሃድ ላይ አለመሳሳት ነው። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ፈተና ላይ ከማያቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ግን ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን ከማምታታት የሚመጡ ናቸው። ኪሎዋት የፍጥነት ያህል ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት የተጓዝሽው ርቀት ነው።

አንዲት ተማሪ ትዝ ትለኛለች። ሒሳብ እንደምትፈራ በግልጽ ነግራኛለች። ለመመረቂያ ሥራዋ መዝጋቢ ያለው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሰጠናትና በአንድ የመማሪያ ሕንፃ ማከፋፈያ ላይ ለሁለት ሳምንት አስገጠመችው። ግራፉን ይዛ ስትመጣ ግራ ገብቷት ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሕንፃው ባዶ ሆኖ፣ ፍጆታው ከቀኑ ከፍተኛ መጠን ሲሶ ያህል ነበር። «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። ሄደሽ እዪ አልኳት። ከጥበቃው ጋር ባትሪ ይዛ ሌሊት ወጣች። ጣሪያው ላይ ትልልቆቹ የአየር ማራገቢያዎች ባዶ ክፍሎችን እያናፈሱ አገኘቻቸው። ሰዓት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማንም አያውቅም። ኪሎዋት ሰዓቱን ደመረችና ወደ ካርቦን ለወጠችው። እዚህ ጋ ነው ትምህርቱ የገባት። ያው ማራገቢያ፣ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስለቅቃል። ከጋዝ ከሆነ ከግማሽ ኪሎ በታች፤ ከንፋስ ወይም ከኒውክሌር ከሆነ እጅግ ጥቂት። ከማባዛትና ከመደመር ያለፈ ሒሳብ አልተጠቀመችም። ዛሬ የሕንፃ ኢነርጂ ኦዲት ነው ሥራዋ።

ሥራ ካነሳን ባጭሩ፦ ኤሌክትሪክ አቅራቢዎች፣ ሜቴዎሮሎጂ፣ የውሃ ሥራዎች፣ ኢንሹራንስ፣ ባንክ፣ ፋብሪካ፣ መንግሥት። ሁሉም ቁጥር አንብቦ ቁጥር መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ስለ አየር ንብረት መጨነቅ ብቻውን አያስቀጥርም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ይህንን የሚማሩ ልጆች ሁለተኛ ዓመት አካባቢ ልባቸው ይሰበራል። ግራፎቹ ከባድ ናቸው። «አበቃለት እኮ፣ ምን ዋጋ አለው?» ብለው ቢሮዬ የመጡ አሉ። አልዋሻቸውም። 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። ግን ሙቀቱ ድምሩን ይከተላል ብዬሻለሁ። እንግዲያውስ «እዚህ ጋ ካለፈ ሁሉም አለቀ» የሚባል አንድ መስመር የለም። ያልተለቀቀ እያንዳንዱ ቶን ያልጨመረ ሙቀት ነው። ሲከብድሽ ብቻሽን አትቀመጪ። የክፍል ጓደኛሽን፣ አስተማሪሽን አናግሪ።

እስከዚያው ትምህርት እስኪጀመር አትጠብቂ። የማውና ሎአ ወርሃዊ ልኬት ከ1958 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። አውርጂውና በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ካልቻልሽ በኤክሴል ሳዪው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ መጋዝ ጥርስ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ ሜይ ወር ላይ ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር ይወርዳል። ለምን ይመስልሻል? ፍንጭ ልስጥሽ፦ የዓለም ካርታ ዘርጊና አብዛኛው ደረቅ መሬትና ደን ከምድር ወገብ በየትኛው በኩል እንዳለ ተመልከቺ። መልሱን ስታገኚው ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን ጥያቄ እልክልሻለሁ።